በሥዕል ትምህርት ሰዓት ስለሚነሣው ሁከትና ስለ መልካም አያያዙ

ልጆችን ማስተማር ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ መሆኑ ለሁሉ የታወቀ ነው። ነገር ግን በንባብና በሒሳብ ጊዜ ዝም ብሎ የተቀመጠው ክፍል፥ የሥዕል ሰዓት ሲደርስ እንደ ገበያ ሲታወክ ይታያል። አንዱ ወረቀት አልደረሰኝም ብሎ ይጮኻል፤ አንዱ የባልንጀራውን እርሳስ ይነጥቃል፤ አንዱ ውሃውን ይደፋል፤ ሌላውም የጎረቤቱን ሥዕል አይቶ ይሥቃል። ስለዚህ ይህን ሰዓት የሚፈራ፥ ለሌላ ትምህርትም አሳልፎ የሚሰጥ አስተማሪ አይታጣም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ ይህ ሁከት ከየት እንደሚመጣና በምን እንደሚቀና ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች መግለጽ ነው።

አስቀድሞ የሥራን ድምፅ ከሥራ ፈት ድምፅ መለየት ይገባል። አናጢ ሲሠራ የመጥረቢያው ድምፅ ይሰማል፤ ያን ድምፅ ሁከት ብሎ የሚጠራው የለም። እንዲሁም እጁ በሥራ ላይ ያለ ልጅ ከባልንጀራው ጋር ስለ ሥዕሉ ቢነጋገር በደል አይደለም። መታረም የሚገባው፥ የሚሠራው አጥቶ የሚጮኸው ነው። ይህም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከልጁ ክፋት ሳይሆን ከዕቃው አሰጣጥና ከልጁ ዕፍረት ነው።

1ኛ፤ ስለ ዕቃ እደላ። በአንድ ክፍል 60 ልጆች ቢኖሩ፥ አስተማሪውም ለእያንዳንዱ በ10 ሰከንድ ወረቀት ቢሰጥ፥ እደላው 10 ደቂቃ ይፈጃል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ከሆነ ሩቡ ያለ ሥራ አለፈ ማለት ነው። ሁከቱም የሚጀመረው በዚህ መካከል ነው። ልጆቹ ስድስት ስድስት ሆነው በ10 ተርታ ቢቀመጡና ለየተርታው አንድ አለቃ ቢሾም ግን፥ አለቆቹ ዕቃውን በአንድ ጊዜ ስለሚያድሉ ሥራው ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። አለቃውም በየሳምንቱ ይለወጥ፤ ለረባሹም ልጅ ተራው ይድረሰው፤ ኀላፊነት የተሰጠው ልጅ ብዙ ጊዜ ይታረማልና።

2ኛ፤ ስለ ቀለምና ስለ ውሃ። የተገዛ ቀለም በሌለበት ቀይና ቢጫ አፈር፥ ከሰልና ጠመኔ ይበቃሉ። እነዚህም ለየብቻ ደቀው በጨርቅ ይነፉ፤ በውሃ በሟሟ የግራር ሙጫም ይለወሱ። የብራና ጸሐፊዎች ቀለማቸው እንዲይዝላቸው ሙጫ መጨመርን ከጥንት ያውቃሉ። ይህን ሁሉ በዋዜማው ማሰናዳት እንጂ ልጆቹ ከተቀመጡ በኋላ መጀመር አይገባም። ውሃው ለየተርታው በአንድ ቅል ይቅረብ፤ ቅሉም እንዳይገለበጥ እንደ እንስራ በማቶት ላይ ይቀመጥ። የመጨረሻው አምስት ደቂቃ ለማጠብና ለመሰብሰብ ይተው፤ ይህ ያልታሰበበት እንደ ሆነ ጭቃው ለሚቀጥለው አስተማሪ ይተርፋል።

3ኛ፤ «አልችልም» ስለሚል ልጅ። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በኦስትሪያ ተወልዶ ኋላ በአሜሪካ ያስተማረው ቪክቶር ሎወንፌልድ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ባሳተመው መጽሐፍ የልጅ ሥዕል ከዕድሜው ጋር በየደረጃው እንደሚለወጥ አስረድቷል። ትንሹ ልጅ የሚያየውን ሳይሆን የሚያውቀውን ይሥላል፤ ቤት ሲሥል በውስጥ ያሉት ሰዎች በግድግዳው ውስጥ ይታያሉ፤ እርሱም ደስ ይለዋል። ከ12 እስከ 14 ዓመት ሲደርስ ግን ሥዕሉ ዓይኑ ያየውን እንዲመስል ይፈልጋል፤ እጁም ገና አልታዘዘለትም። ስለዚህ በሥራው ያፍራል፤ ዕፍረቱንም ለመሸፈን ወረቀቱን ይቀድዳል፥ ይቀልዳል፥ የሌላውንም ሥራ ያበላሻል። አስተማሪው ይህን ዐመፅ ነው ብሎ ቢቀጣው፥ ልጁ ሥዕል ለእኔ አልተፈጠረም ብሎ ይደመድማል፤ ካደገም በኋላ ከዚያ ሐሳብ መመለስ ጭንቅ ነው።

መድኃኒቱ እርሳሱን ከእጁ ወስዶ መሣል አይደለም፤ «ሥራ ለሠሪው፥ እሾኽ ላጣሪው» ይባላልና። አስተማሪው የሣለለት ልጅ የሚማረው አለመቻሉን ብቻ ነው። ይልቅስ እንስራ በመካከል አስቀምጦ፥ «ሆዱ ይሰፋል ወይስ አንገቱ? ጆሮው ከየት ጀምሮ የት ያልቃል? ጥላው በየትኛው ወገን ወደቀ?» እያለ ይጠይቀው። ልጁ መልሱን በዓይኑ ሲያገኝ እጁ ይከተላል። ቀድሞ የጨረሰውም ተነሥቶ እንዳይረብሽ፥ ያንኑ እንስራ በሌላ ወገን ዞሮ ይሣለው። በመጨረሻም የተመረጡት ብቻ ሳይሆኑ የሁሉም ሥራ በግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ በባልንጀራ ሥራ መሣቅም ፈጽሞ ይከልከል።

አሁን ደግሞ ለሽማግሌዎች የሚነገር ነገር አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ በሙሉ ፊት፥ ክፉዎች ግን በጎናቸው በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ስለዚህ ልጅ ጎረቤቱን በጎኑ ሥሎ ወደ ቤት ቢመጣ፥ ሰውን የሰደበ የሚመስለው ሽማግሌ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ያ ልማድ የቅዱሳት ሥዕላትን ትርጓሜ ለማስረዳት የተሠራ ሥርዓት ነው፤ ልጁ ያደረገው ዓይኑ ያየውን መጻፍ ብቻ ነው። ሁለቱንም ለይቶ ማስረዳት ለልጁ ትልቅ ትምህርት ይሆንለታል፤ ከሽማግሌም ቢሰማው ይበልጥ ያከብረዋል።

ሥዕል እንጀራ አይሆንም የሚሉም አሉ። ነገር ግን ሸማኔ ጥበቡን፥ ግንበኛ የቤቱን ልክ፥ ገበሬም የማሳውን ወሰን አስቀድሞ በዓይኑ ካልለካ ሥራው አይቀናም። የሥዕል ሰዓት የሚያስተምረው ይህንኑ አስተውሎ ማየትን ነው። ሠዓሊ የሚሆነው ከብዙ አንዱ ነው፤ ማየት የማያስፈልገው ግን አንድም የለም።

እንግዲህ አስተማሪው ዕቃውን አስቀድሞ ቢያሰናዳ፥ የልጁንም ዕፍረት ቢረዳለት፥ ያ የሚፈራው ሰዓት ጥቂት ድምፅ ያለበት መልካም የሥራ ሰዓት ይሆናል። ወላጆችም ልጁ ሥዕሉን ይዞ ሲመጣ «ይህ ምንድር ነው?» ብለው ከመሣቅ ይልቅ «ይህን ስታይ ምን አገኘህ?» ብለው ይጠይቁት። አስተማሪው በክፍል የጀመረው በቤት የሚጸናው በዚህ ነው።