ከሰሊጥ አጨዳ እስከ ክረምት መግቢያ፦ የዩኒቨርሲቲ ክሬዲት በገዳሪፍ ድንበር

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የ11ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ትምህርቱን ሳያቋርጥ በኮሌጅ ወይም በዩኒቨርሲቲ ተመዝግቦ ኮርስ የሚወስድበት፣ ኮርሱን ሲያልፍም ውጤቱ በአንድ በኩል ለሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያው፣ በሌላ በኩል ለወደፊት ዲግሪው የሚታሰብለት አሠራር ጥምር ምዝገባ ሊባል ይችላል። የአሠራሩ መሠረት ክሬዲት ነው። ክሬዲት ተማሪው ለአንድ ኮርስ ያዋለውን ጊዜና ያስመዘገበውን ውጤት በቁጥር የሚገልጽ መለኪያ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ዘወትር «ክሬዲት አወር» እየተባለ የሚጠራው ይኸው ነው፤ አንድ ክሬዲት አወር በሳምንት አንድ የክፍል ሰዓት ለአንድ ሴሚስተር መማርን ይወክላል። ዲግሪ የሚገኘው እነዚህ ክሬዲቶች ተጠራቅመው ሲሞሉ ነው፤ ይሁንና እያንዳንዱ ኮርስ ባለቀ ጊዜ ውጤቱ በሬጅስትራር መዝገብ ላይ ስለሚሰፍር፣ ተማሪው ከመመረቁ ከዓመታት በፊትም ቢሆን የተማረውን የሚመሰክርለት ትራንስክሪፕት፣ ማለትም ኮርሶቹንና ውጤቶቹን ዘርዝሮ የያዘ ማስረጃ፣ ሊኖረው ይችላል።

የተጨመቀ የሚባለው ዓይነት ደግሞ 16 ሳምንት የሚወስደውን ኮርስ በ8 ወይም በ6 ሳምንት የሚጨርስ ነው። ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ 48 የክፍል ሰዓት አለው፤ ለእያንዳንዱ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት የግል ጥናት ቢታሰብ 96 ሰዓት ይጨመርና ድምሩ 144 ሰዓት ይሆናል። ይህ ሥራ በ16 ሳምንት ሲከፋፈል በሳምንት 9 ሰዓት፣ በ8 ሳምንት ሲሆን 18 ሰዓት፣ በ6 ሳምንት ሲሆን 24 ሰዓት ይጠይቃል። ኮርሱ ሲጨመቅ የሚያጥረው የቀን መቁጠሪያው ብቻ ስለሆነ፣ አሠራሩን የሚያቅድ ሁሉ ተማሪው እነዚያን ሰዓቶች ከየት እንደሚያመጣቸው አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል።

አሠራሩ በስፋት የተለመደው በአሜሪካ ነው። የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ኮርሶቹን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ መስጠት የጀመረ ሲሆን፣ የሚኒሶታ ግዛት በ1985 ተማሪዎች በመንግሥት ወጪ ኮሌጅ ገብተው እንዲማሩ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ፤ የዋሽንግተን ግዛትም በ1990 «ራኒንግ ስታርት» የተባለውን ፕሮግራም በሕግ አቋቋመ። በ2022 እና 2023 የትምህርት ዘመን በመላ አገሪቱ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ኮርስ የወሰዱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁጥር ወደ 2.5 ሚሊዮን ተጠግቷል። ሚኒሶታና ዋሽንግተን ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ አይደሉም። በሚኒያፖሊስና በሲያትል ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ጥቂት የማይባሉት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል፣ ገዳሪፍንና ከሰላን አልፈው የወጡ ናቸው፤ ወላጆች ድንበር ላይ ያቋረጡትን ትምህርት ልጆቻቸው ዛሬ በ16 እና በ17 ዓመታቸው ኮሌጅ ገብተው በሚጀምሩበት ሁኔታ፣ በመንገዱ ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ይታያል።

የገዳሪፍ ከተማ ከገላባትና ከመተማ ዮሐንስ ድንበር 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በማሽላና በሰሊጥ እርሻ መካከል የምትገኝ የሱዳን የገዳሪፍ ግዛት ዋና ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተ የገዳሪፍ ዩኒቨርሲቲም አላት። በአካባቢው የሚገኘው የኡም ራኩባ መጠለያ በ1977ቱ ድርቅ ዘመን የኢትዮጵያ ስደተኞችን ያስተናገደ ሲሆን፣ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በኅዳር 2013 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ፤ በትግራይ በተነሣው ጦርነት ምክንያት ከ60,000 በላይ ሰዎች በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ተሻግረው ነበርና ኡም ራኩባ ብቻውን ስላልበቃ ቱናይድባ የተባለው መጠለያም ተጨመረ። ከተሻገሩት መካከል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሊጨርሱ አንድና ሁለት ዓመት የቀራቸው ወጣቶች ነበሩ፤ የትምህርት ማስረጃቸውን ለመያዝ ጊዜ ያገኙት ጥቂቶች ናቸው።

ከዚያም መከራው አቅጣጫውን ለወጠ። በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲቀሰቀስ፣ ገዳሪፍ ከሌሎች ግዛቶች ለተፈናቀሉ ሰዎች መጠጊያ ሆነች፤ ሌሎች ሱዳናውያን ደግሞ በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻግረው በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ። የዚያ ዓመት የሱዳን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናም ተላልፎ ተላልፎ የተሰጠው በታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። በሱዳንም ሆነ በኢትዮጵያ የተማሪው የብዙ ዓመት ድካም በመጨረሻ በሚሰጥ አንድ አገር አቀፍ ፈተና ስለሚመዘን፣ ያ ፈተና በጦርነት ሲቀር ወይም ተማሪው ከመፈተኑ በፊት ሲሰደድ፣ አሥርና አሥራ አንድ ዓመት የተማረው ወጣት በዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሲቆም ምንም እንዳልተማረ ይቆጠራል።

የጥምር ምዝገባ ትርጉም በዚህ ድንበር ላይ ከአሜሪካው የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። እዚያ የሚወደሰው ጊዜና የትምህርት ክፍያ ስለሚቆጥብ ነው፤ እዚህ ግን ዋናው ዋጋው ትምህርት በየጊዜው ተቆርጦ፣ ተቆጥሮና ተመዝግቦ እንዲቀመጥ ማድረጉ ነው። ሦስት ኮርስ አልፎ ዘጠኝ ክሬዲት የያዘ የ17 ዓመት ወጣት ነገ ቢፈናቀል፣ የሚያጣው ያልጀመረውን አሥረኛውን ክሬዲት እንጂ የያዛቸውን ዘጠኙን አይደለም።

ኢትዮጵያ ራሷ በሁለተኛ ደረጃና በዩኒቨርሲቲ መካከል ያለውን ወሰን ብዙ ጊዜ ከቦታ ቦታ ስታንቀሳቅስ ኖራለች፤ ታሪኩም ለዚህ ጉዳይ ብዙ ያስተምራል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፋኩልቲ ሥር የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ላብራቶሪ ትምህርት ቤት፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ በውጤታቸው የተመረጡ ተማሪዎችን አዲስ አበባ አምጥቶ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዩኒቨርሲቲው ጥላ ሥር እንዲያጠናቅቁ ያደርግ ነበር። ላብራቶሪ ትምህርት ቤት የሚባለው አዳዲስ የማስተማሪያ ዘዴዎች የሚሞከሩበትና ዕጩ መምህራን የሚለማመዱበት ትምህርት ቤት ነው። ከሩቅ አውራጃ የመጣው ተማሪ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ እንዴት እንደሚያስተምርና ቤተ መጻሕፍት እንዴት እንደሚሠራበት ያየው ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ አስቀድሞ ነበር፤ ይህ ደግሞ በኋላ ማንም በንግግር ሊሰጠው የማይችል ስንቅ ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተወሰደው እርምጃ ግን ሌላ መልክ ነበረው። የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት፣ ፍሬሽማን ይባል የነበረው፣ ቀርቶ ይዘቱ ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ወረደ፤ የብዙዎቹ ዲግሪዎች ቆይታም ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። ይዘቱ ሲወርድ የዩኒቨርሲቲው መምህር፣ ቤተ ሙከራና መጽሐፍ አብረውት አልወረዱም። ፍሬሽማን በ2012 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዲመለስ መደረጉ ያ ሙከራ የታሰበለትን እንዳላስገኘ ያሳያል። ከዚያም የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ሆኑ። ዩኒቨርሲቲዎች ካላለፉት መካከል የተሻለ ውጤት ያላቸውን ተቀብለው ለጥቂት ወራት የሚያስተምሩበት «ሪሜዲያል» የተባለው የማካካሻ ፕሮግራም የመጣው ይህን ተከትሎ ነው። ሪሜዲያል በአንድ ወገን ሲታይ የጥምር ምዝገባ ግልባጭ ነው፤ በአንዱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሲማር፣ በሌላው ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያስተምራል። የብዙው ተማሪ ዝግጅት ለዩኒቨርሲቲ ኮርስ ገና እንደማይበቃ የሚያሳየውን ይህን ሐቅ ሳይመለከት በድንበሩ ላይ ክሬዲት እንስጥ የሚል ሁሉ ራሱን ያታልላል።

ለስደተኛ ትምህርትን ቆራርጦ ማድረስ ለምሥራቅ ሱዳን አዲስ ነገር አይደለም። በ1984 እ.ኤ.አ. በሱዳን የተቋቋመው የክፍት ትምህርት ድርጅት ለኢትዮጵያና ለኤርትራ ስደተኞች በተልእኮ፣ ማለትም የታተመ ጽሑፍ ወደ ተማሪው ተልኮ በአስጠኚ እየተደገፈ በሚሰጥ መንገድ፣ የእንግሊዝኛ፣ የጤናና የመምህራን ሥልጠና ኮርሶችን ያዘጋጅ ነበር። ከዚያ በኋላ በኬንያው የዳዳብ የስደተኞች መጠለያ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ሥራ ደግሞ አሠራሩን ወደ ዩኒቨርሲቲ ክሬዲት አሳደገው። የካናዳዎቹ ዮርክና ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ከኬንያዎቹ ኬንያታና ሞይ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆነው ትምህርቱን እንደ ደረጃ አነባበሩት፤ መጀመሪያ በእንግሊዝኛና በኮምፒዩተር የሚያዘጋጅ የመሸጋገሪያ ትምህርት፣ ከዚያ ሰርተፊኬት፣ ከዚያ ዲፕሎማ፣ በመጨረሻም ዲግሪ። እያንዳንዱ ደረጃ ለብቻው ዋጋ ስላለው፣ በመካከል ሦስተኛ አገር የተፈቀደለት ወይም ወደ አገሩ የተመለሰ ተማሪ ባዶ እጁን አይሄድም። የዳዳብ ተማሪዎች ብዙዎቹ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱ መሆናቸው ከጥምር ምዝገባ ይለየዋል፤ የመነባበሩ ዘዴ ግን ለገዳሪፍም ለመተማም ያው ነው።

ኮርሱን መጨመቅ በገዳሪፍ ዙሪያ የሚጠቅመው በምድሩ ጠባይ ጭምር ነው። የገዳሪፍ ሜዳ ዋልካ አፈር ነው፤ ክረምት ሲገባ እየተጣበቀ መኪናም እግረኛም ይይዛል፣ መንገዱም ለወራት ይበላሻል። ሰሊጥ ከጥቅምት ጀምሮ ይደርሳል። የታችኛው ፍሬ ቢጫ መሆን ሲጀምር ወዲያው ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ነዶው ቀጥ ብሎ እንዲቆም እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይደርቃል፤ ከደረቀም በኋላ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። ቀኑ ካለፈ ቋቱ ይፈነዳና እህሉ መሬት ላይ ይፈሳል። ስለዚህ አጨዳ ሲደርስ የቀን ሥራ የማይፈልግ ወጣት በአካባቢው አይገኝም፤ ከጎንደርም ከመጠለያውም ወደ እርሻው ይጎርፋል። ከመስከረም ጀምሮ ለ16 ሳምንት የሚዘረጋ ሴሚስተር ከዚህ ኑሮ ጋር ይጋጫል፤ ተማሪውም በክፍሉ ወይም በቀን ሥራው ይቀጣል። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ባሉት ደረቅ ወራት ግን ሁለት ወይም ሦስት የስምንት ሳምንት ኮርስ ያለ ችግር ይገባል። በእያንዳንዱ ኮርስ በሳምንት 18 ሰዓት ያስፈልጋል ሲባል ደግሞ ይህ በመጠለያ ውስጥ ውኃ ወረፋ፣ እንጨት ለቀማና ታናናሾችን መጠበቅ ከሚበሉት ቀን ላይ የሚቀነስ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ሸክሙ ከወንዶቹ ይልቅ በሴቶቹ ላይ ይከብዳል፤ ማታ የሚያነቡበት መብራት ያለው አዳራሽና ልጅ የሚጠብቅ ሰው ካልተመደበ፣ ፕሮግራሙ ሳይታሰብ የወንዶች ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ቋንቋም ሌላ ደንቃራ ነው። የኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ሲሆን የሱዳኑ በዐረብኛ ነው፤ ከትግራይ ወደ ኡም ራኩባ የገባው ተማሪ የገዳሪፍ መማሪያ ክፍል ውስጥ፣ ከካርቱም ወደ ኩመር የመጣው ደግሞ የጎንደር መማሪያ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ፣ ሁለቱም የሚያውቁትን ትምህርት በማያውቁት ቋንቋ ይሰማሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ኮርስ እንግሊዝኛ፣ ሁለተኛው ሒሳብ ቢሆን ይመረጣል፤ የሒሳብ ሕግ በየትኛውም ወገን አንድ ነውና። የማለፊያ ውጤት እንደማያመጣ የተረዳ ተማሪም ውድቀቱ በትራንስክሪፕቱ ላይ እንዳይጽናበት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ኮርሱን ያለ ቅጣት የሚተውበት መብት ሊኖረው ይገባል። በዚህ ዕድሜ የተመዘገበ «ኤፍ» ወጣቱን ለዓመታት የሚከተለው ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይብሳል።

ከሁሉ በላይ ግን ክሬዲት ዋጋ የሚኖረው የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ ሲኖር ነው። ለዚህ የሚሆን የሕግ መሠረት አለ። የአፍሪካ አገሮች የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃዎችን እርስ በርሳቸው ዕውቅና የሚሰጡበት ስምምነት በታኅሣሥ 3 ቀን 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተቀባይነት አግኝቶ፣ ባጸደቁት አገሮች መካከል ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል፤ ያልተጠናቀቀ ትምህርትንና የስደተኞችን ማስረጃም ይመለከታል። ስምምነቱ ሥራ ላይ ከመዋሉ ቀደም ብሎ በ2010 ዓ.ም. ጅቡቲ ላይ የኢጋድ አባል አገሮች የስደተኞችን ትምህርት በየአገራቸው የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ለማካተት ተስማምተዋል፤ በዚያን ጊዜ ሱዳንም ኢትዮጵያም አባላት ነበሩ። ስምምነት ግን ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ በመስኮት በኩል የተዘረጋን ወረቀት ራሱ አንብቦ አይወስንም። የሚወስነው ከወረቀቱ ላይ ሊነበብ የሚችለው ነገር ነው፦ የኮርሱ ስምና ይዘት፣ የክፍል ሰዓቱ ብዛት፣ የተሰጠው ፈተናና ውጤቱ፣ ያስተማረው ተቋም ማኅተም፣ ከዚህም ጋር ወረቀቱ ቢጠፋ ያው መረጃ ተመሳክሮ የሚገኝበት ቁጥር። ጎንደር ላይ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲና በድንበሩ ማዶ ያለው የገዳሪፍ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ የሰጠውን ሌላው ሳይጠይቅ የሚቀበላቸው ሁለት ኮርሶች፣ አንድ የእንግሊዝኛና አንድ የሒሳብ፣ እያንዳንዳቸው ባለ ሦስት ክሬዲት፣ ቢኖሯቸው፣ በመተማ በኩል በየትኛውም አቅጣጫ የሚሻገር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስድስት ክሬዲት ይዞ ይሻገራል።