የጀልባ ሸራ ሻጋታ፤ ጉዳቱና ማስወገጃው

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው የአባቶች ቃል የተነገረው ስለ ሰው አካል ብቻ መስሎ ይታየን ይሆናል፤ ነገር ግን ሰው ለሚጠለልበት ጥላም ያገለግላል። ስለዚህ በዚህ ወር ለውድ አንባብያን የምናቀርበው ምክር በጣና ሐይቅ ላይ ሰው በሚያመላልሱ የሞተር ጀልባዎች ላይ ጣሪያ ሆኖ ስለሚዘረጋው ሸራና በእርሱ ላይ ስለሚበቅለው ሻጋታ ነው።

ክረምቱ ሲበረታ መንገደኛ ይቀንሳል፤ ባለጀልባውም ዝናብ የመታውን ሸራ እንደ ረጠበ ጠቅልሎ በአንድ ጥግ ያኖረዋል። መስከረም ጠብቶ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚሄደው ምእመንና ጎብኚ ሲበዛ ሸራው ይፈታል፤ ያን ጊዜ ጥቁርና አረንጓዴ ነቁጥ ለብሶ፣ የእርጥብ ጎተራ ሽታ እየሸተተ ይገኛል። በዚያ ሸራ ሥር የሚቀመጡት ደግሞ ሕፃን ያቀፉ እናቶች፣ አረጋውያን፣ አንዳንዴም አስም ያለባቸው ሰዎች ናቸው።

ሻጋታ እድፍ አይደለም፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ዘሩ ለዓይን የማይታይ ብናኝ ሆኖ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ እርጥበትና ምግብ ባገኘበት ስፍራም ይበቅላል። ሸራው ከጥጥ የተሠራ እንደ ሆነ ክሩን ራሱን እየበላ ያበሰብሰዋል፤ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ እንደ ሆነ ግን በላዩ ያረፈውን አቧራ፣ የወፍ ኩስና ቅባት ይመገባል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለሳልና ለአስም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን ገልጿል። ጀልባ ክፍት ስለ ሆነ ነፋስ ብናኙን ይበትነዋል፤ ነገር ግን ሸራውን አጎንብሶ የሚፈገፍገው ሠራተኛ ብናኙን በቅርብ ይተነፍሰዋል። ስለዚህ ጥንቃቄው ከእርሱ ይጀምራል።

በዚህ ሥራ ሁለት ስሕተቶች እንዳይፈጸሙ አጥብቀን እናሳስባለን።

የመጀመሪያው፣ «ኃይሉ ይበረታል» በማለት በረኪናን ከአቼቶ ጋር መቀላቀል ነው። ከሁለቱ ድብልቅ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል፤ ይህም ዓይንን ያቃጥላል፣ ሳንባን ይጎዳል። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር መቀላቀልም እንዲሁ አደገኛ ነው።

ሁለተኛው፣ ሸራውን በሐይቁ ዳር ውኃው ውስጥ ቆሞ ማጠብ ነው። በቀንድ አውጣ ውስጥ የሚያድገው የብልሃርዝያ ተውሳክ ወደ ውኃው ወጥቶ የሰውን ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። በረኪናውም ለዓሣ መርዝ ነው፤ በአንዳንድ የልብስ ሳሙና ውስጥ የሚገኘው ፎስፌት ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. በጣና ላይ መታየቱ ለታወቀው ለእንቦጭ አረም ማዳበሪያ ይሆናል።

እንግዲህ ትክክለኛው አሠራር የሚከተለው ነው።

1ኛ/ ሸራውን ከብረቱ ፈትቶ፣ ከሐይቁ ራቅ ወዳለ ደረቅ መሬት መውሰድና በፀሐይ ማድረቅ። ከዚያም አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ጓንት አጥልቆ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ ሻጋታውን በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ። ሕፃናት በአጠገብ አይቁሙ።

2ኛ/ ከቧንቧ በተቀዳ፣ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ሁለቱንም ገጽ ማጠብ። የፈላ ውኃና የሽቦ ብሩሽ ጨርቁን ስለሚጎዱ አያስፈልጉም።

3ኛ/ ነቁጡ ካልለቀቀ የሸራውን ዓይነት መለየት። ከጠርዙ የተመዘዘ አንድ ክር ከጀልባውና ከቤንዚኑ ርቆ ቢለኮስ፣ ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ግን ቀልጦ ይጠጥራል።

4ኛ/ ለጥጥ ሸራ በረኪና አይሆንም፤ ክሩን ያደክመዋልና። አንድ እጅ አቼቶ ከአንድ እጅ ውኃ ጋር በጥብጦ ነቁጡን ማራስና ከጥቂት ጊዜ በኋላ መፈግፈግ ይበቃል። አክሪሊክ ለሚባለው ሰው ሠራሽ ሸራ ግን በ4 ሊትር ውኃ ሩብ ሊትር የቤት በረኪናና 4 የሾርባ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና መበጥበጥ ይቻላል። አስቀድሞ በማይታይ ጠርዝ ላይ መሞከር፣ ቀለሙ ካልለቀቀ መቀባትና ከ15 ደቂቃ በኋላ ማጠብ ይገባል። የሸራው ዓይነት ካልታወቀ ወይም ፕላስቲክ የተለበጠ ከሆነ ከሳሙናና ከውኃ አለማለፍ ይሻላል።

5ኛ/ የበረኪናው ወይም የአቼቶው ሽታ እስኪጠፋ ድረስ በብዙ ውኃ ማለቅለቅ፤ እጣቢውንም ከሐይቁና ከጉድጓድ ውኃ ርቆ በአፈር ላይ ማፍሰስ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የደበዘዘ ጥላ በጨርቁ ላይ ቢቀር አያስደንግጥ። ይህ የሞተው ሻጋታ የተወው ቀለም ነው፤ እርሱን ለማጥፋት በረኪና መደጋገም ሸራውን ቀድሞ ይጨርሰዋል።

ነገር ግን ዋናው መድኃኒት በጠርሙስ የሚሸጥ አይደለም፤ ማድረቅ ነው። የሻጋታ ዘር በአየር ላይ ሁሉ ስላለ የታጠበው ሸራ እንደ ገና ረጥቦ ቢጠቀለል ብዙ ሳይቆይ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የጣና ባለታንኳ ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ የደንገል ታንኳው ውኃ ጠጥቶ እንዳይበሰብስ ከሥራ ሲመለስ ወደ ዳር አውጥቶ ለፀሐይ ያሰጣዋል። የሞተር ጀልባ ባለቤትም ይህንኑ ጥበብ ለሸራው ቢያውል ገንዘቡንም ጤናውንም ያድናል። ዝናብ የመታው ሸራ ሳይደርቅ አይጠቅለል፤ በክረምት ማስቀመጥ ግድ ቢሆን ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ በገመድ ላይ ይሰቀል። ውኃ የሚያቁር ሸራም ተወጥሮ ይታሰር፤ አቧራውና የወፍ ኩሱም ቶሎ ቶሎ ይጠረግ።

ባለጀልባዎች ሆይ፤ መንገደኛው ከፀሐይና ከዝናብ ሊጠለል በሸራችሁ ሥር ሲቀመጥ ጤናውን ለእናንተ በአደራ ሰጥቷል። አደራውን የሚጠብቀው ሸራ ንጹሕና ደረቅ ሸራ ነው።