የኩላሊት ጠጠር ትኩሳት ሲጨመርበት

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት የሆነኝ ባለፈው ክረምት በአንድ የማደሪያ ክፍል ጓደኛዬ ላይ የደረሰው ነገር ነው። ቀኝ ጎኑን ሲያመው «ብርድ መትቶኝ ነው» እያለ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛ ነበር። አንደኛችን «ቢራ ጠጣ፥ ኩላሊት ያጥባል» አልነው። ሌላው ከራሱ ሕመም የተረፈውን የአንቲባዮቲክ ክኒን አካፈለው። በአራተኛው ሌሊት ጥርሱ እስኪፋጭ ድረስ ተንቀጠቀጠ፤ ንግግሩም ይምታታ ጀመር። ሆስፒታል በደረሰ ጊዜ የተነገረን ነገር አጭር ነበር፤ ከኩላሊቱ የሚወጣውን ቧንቧ ትንሽ ጠጠር ዘግታዋለች፥ ከበላይዋ ያለውም ሽንት መግል ሆኗል። ጓደኛዬ ዛሬ ደኅና ነው፤ ይህንንም ጽሑፍ አስቀድሞ አንብቦ እንዲወጣ ፈቅዷል። ሁላችንም የመከርነው በፍቅር ነበር። የጎደለን ጠጠርና ኢንፌክሽን የሚባሉት ሁለት በሽታዎች እንዴት እንደሚገናኙ ማወቁ ነው።

ነገሩ እንዲገባን በመጀመሪያ የአካሉን ሥራ ባጭሩ እንመልከት። የአንድ ጤነኛ ሰው ሁለት ኩላሊቶች በአንድ ቀን ከደም ውስጥ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ። ከዚህ ሁሉ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ሊትር ተኩል ወይም ሁለት ሊትር ብቻ ነው፤ የቀረው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። እንግዲህ በሽንት ውስጥ የሚጣሉት ጨዎች ሁሉ በጥቂት ውሃ ውስጥ ተጨናንቀው መውጣት አለባቸው ማለት ነው። ውሃው ሲያንስ ወይም ጨዉ ሲበዛ፥ በብርድ ጊዜ ማር በማሰሮ ውስጥ እንደሚረጋ፥ ጨዉ ከሟሟበት ተለይቶ ብልጭልጭ ቅንጣት ይሆናል። ቅንጣቱ ታጥቦ ካልሄደ ሌላው በላዩ እየተደራረበ ጠጠር ይሆናል። ከጠጠሮች አብዛኞቹ ካልሲየም ያለባቸው ሲሆኑ፥ ከእነዚህም የሚበዛው ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባለው ነው። ሌላው ዩሪክ አሲድ ነው፤ ይህንንም የስዊድኑ ኬሚስት ሼሌ በ1776 ዓ.ም. ያገኘው የፊኛ ጠጠርን ሲመረምር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሦስተኛው፥ ማለት ከኢንፌክሽን የሚወለደው ጠጠር፥ የጽሑፌ ዋና ነገር ስለ ሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በሽታው የዘመናችን ኑሮ ያመጣው አይደለም። በ1901 ዓ.ም. በላይኛው ግብፅ ኤል አምራ በሚባል ስፍራ በጥንት መቃብር ውስጥ ከአንድ ወጣት አጥንት ጋር የፊኛ ጠጠር ተገኝቷል፤ ዕድሜው ከ6000 ዓመት በላይ እንደሚሆን ይገመታል። በሂፖክራት ስም የሚጠራው የሐኪሞች መሐላም ሐኪሙ ጠጠር ለማውጣት እንዳይቀድ፥ ሥራውንም ለባለሙያዎቹ እንዲተው ያዛል። ስለ ዕለታዊ ማስታወሻው ዝነኛ የሆነው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ፒፕስ በ1658 ዓ.ም. ማደንዘዣ በሌለበት ዘመን ተቀድዶ ጠጠሩ ወጣለት፤ የዳነበትንም ቀን በየዓመቱ ግብር እያበላ ያከብረው ነበር። በ1703 ዓ.ም. ሲሞት ሬሳው ቢመረመር በግራ ኩላሊቱ ውስጥ 7 ጠጠሮች ተገኙ። ይህ ሰው ከእነዚያ ጠጠሮች ጋር ስንት ዘመን እንደ ኖረ ማሰብ ያስደንቃል፤ ሕመምና ጉዳት እኩል እንደማይሄዱም ያሳያል።

ሕመሙ የሚመጣው ጠጠሩ ከስፍራው ሲንቀሳቀስ ነው። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቧንቧ (ከፊኛ ወደ ውጭ ከሚወጣው ለመለየት ላይኛው ቧንቧ እንበለው) ርዝመቱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በሦስት ቦታ ይጠብባል፤ ከኩላሊቱ በሚወጣበት፥ ትልልቆቹን የዳሌ የደም ሥሮች በሚሻገርበትና ወደ ፊኛው በሚገባበት። ጠጠሩ ከነዚህ ባንዱ ሲሰነቀር ሽንቱ ወደ ኋላ ይጠራቀምና ኩላሊቱን ይወጥረዋል። ቁርጠቱ ከዚህ ውጥረት የተነሣ ነው። በሽተኛው እንደ ሌላው የሆድ ሕመምተኛ ጸጥ ብሎ መተኛት አይችልም፤ ይነሣል፥ ይቀመጣል፥ ይንከባለላል። ሕመሙ ከጎን ተነሥቶ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፤ ያስታውካል፤ ሽንቱም ደም ሊቀላቀልበት ይችላል። ከ5 ሚሊ ሜትር የሚያንስ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይወጣል፤ ከ10 የሚበልጠው ግን ያለ ሐኪም እርዳታ መውጣቱ አጠራጣሪ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው በሽታ እንሂድ። የሽንት መንገድ ኢንፌክሽን የሚያመጡት ባክቴርያዎች አብዛኛውን ጊዜ ከራሳችን አንጀት የሚመጡ ናቸው፤ ዋናውም ኢ. ኮላይ የተባለው ነው። ከፊኛ ወደ ውጭ የሚወጣው ቧንቧ በሴት 4 ሴንቲ ሜትር ያህል፥ በወንድ ግን ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ሴቶች ይበልጥ ይጠቃሉ። ባክቴርያው በፊኛ ላይ ብቻ የቆመ እንደሆነ ሽንት ያቃጥላል፥ ቶሎ ቶሎም ይመጣል፤ ይህ ያሠቃያል እንጂ ብዙውን ጊዜ አይገድልም። ወደ ላይ ወጥቶ ኩላሊትን ሲይዝ ግን ትኩሳት፥ ብርድ ብርድ ማለትና የጎን ሕመም ይከተላሉ። በእርግዝና ጊዜ ላይኛው ቧንቧ ስለሚላላና ስለሚሰፋ መውጫው ይቀልለዋል። በሽንቷ ውስጥ ባክቴርያ ያለባት ነፍሰ ጡር ምንም ባያማት እንኳ ሐኪም የሚያክማት ስለዚህ ነው፤ በቀደሙት ጥናቶች ካልታከሙት ከ100 ከ20 እስከ 35 የሚሆኑት የኩላሊት ኢንፌክሽን ይዟቸዋል።

ሁለቱ በሽታዎች የሚገናኙት በሁለት በር ነው። አንደኛው በር፥ ኢንፌክሽን ጠጠርን ሲወልድ ነው። በ1885 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሐውዘር አንድ ባክቴርያ አግኝቶ መልኩን እንደ ልብስ የሚቀያይር በመሆኑ በግሪኮች ተረት በሚታወቀው የባሕር አምላክ ስም ፕሮቴውስ አለው። ይህ ባክቴርያ ዩሪያዝ የሚባል ኤንዛይም ያመነጫል። ኬሚስትሪ የሚማሩ ጓደኞቻችን እንደሚያውቁት ዩሪያዝ ንጹሕ ቅንጣት ሆኖ የተገኘ የመጀመሪያው ኤንዛይም ነው፤ አሜሪካዊው ሰምነር በ1926 ዓ.ም. ከባቄላ ዘመድ ከሆነ ጥራጥሬ አውጥቶት በ1946 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ሥራው አንዱን የዩሪያ ሞለኪውል ወደ ሁለት አሞኒያና ወደ አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሰንጠቅ ነው። አሞኒያው በሽንቱ ውስጥ ሲበዛ አሲድነቱ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ቀድሞ ሟሙተው የነበሩት ማግኔዥየምና ፎስፌት ከአሞኒየም ጋር ተያይዘው ይረጋሉ። የተፈጠረው ማዕድን ስትሩቫይት ይባላል። መጀመሪያ የታወቀውም በሕመምተኛ ላይ ሳይሆን በ1845 ዓ.ም. በሐምቡርግ ከተማ የቤተ ክርስቲያን መሠረት ሲቆፈር፥ ከድሮ የከብት እበት በታች ነው። እበቱም ሽንቱም አሞኒያና ፎስፌት ስላላቸው ያፈሩት አንድ ዓይነት ድንጋይ ነው።

የዚህ ጠጠር ክፋቱ ፈጥኖ ማደጉ ነው። ሌላው በዓመታት የሚሠራውን እርሱ በሳምንታትና በወራት ይሠራል፤ የኩላሊቱንም ውስጣዊ ክፍል እየተከተለ ቅርንጫፍ ያወጣል። በራጅ ሲታይ የአጋዘን ቀንድ ይመስላል፤ ስሙም ከዚያ የወጣ ነው። ብዙ ጊዜ አይንቀሳቀስም፥ ስለዚህም ያ የታወቀው ቁርጠት የለበትም፤ ሰውየው ድካምና የሚመላለስ የሽንት ማቃጠል ብቻ እየተሰማው ኩላሊቱ ያልቃል። በ1976 ዓ.ም. በታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ቀንዳም ጠጠራቸው ሳይወጣ ከቀሩት ሕመምተኞች መካከል በ10 ዓመት ውስጥ የሞቱት ከ100 28 ያህል ሲሆኑ፥ ጠጠሩ ከወጣላቸው መካከል ግን 7 ያህል ነበሩ። መድኃኒት ብቻውን የማይበቃበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ባክቴርያው ከጠጠሩ ውጭ ብቻ ሳይሆን በውስጡም ተቀብሮ ይኖራል፤ በደም የሚሄደው አንቲባዮቲክ እዚያ አይደርስበትም። ክኒኑ በሚወሰድበት ሰሞን ሽንቱ ይጠራል፥ ሲቆም ይመለሳል። «ይህ በሽታ ለመድኃኒት እንቢ አለ» ሲባል የሚሰማው አንዳንዱ ነገር ይኸው ነው።

ሁለተኛው በር፥ ጠጠር ቀድሞ ኢንፌክሽን ሲከተል ነው፤ የጓደኛዬም እንዲሁ ነበር። የሚፈስ ሽንት ራሱን ያጥባል። የተገደበ ሽንት ግን ባክቴርያ የሚባዛበት ኩሬ ይሆናል። ኩሬው ደግሞ ተወጥሯል፤ ግፊቱ ባክቴርያውንና መርዙን ወደ ደም ይመልሰዋል። የዚያኑ ያህል ግፊት የኩላሊቱን ሥራ ስለሚቀንስ በደም የሚመጣው መድኃኒት ወደ ሽንቱ በሚገባ አይገባም። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ጥሩ አንቲባዮቲክ መስጠት የግድ አስፈላጊ ቢሆንም በተዘጋ ቤት በር ላይ እንደ መጮኽ ነው፤ መግሉ መውጫ ማግኘት አለበት። ሐኪሙ ወይ በፊኛ በኩል ለስላሳ ቀጭን ቱቦ አሳልፎ ከጠጠሩ በላይ ያደርሳል፥ ወይ በአልትራሳውንድ እየተመራ ከጀርባ በኩል ወደ ኩላሊቱ ቱቦ ያስገባል። ጠጠሩን ማውጣት ለሌላ ቀን ይቆያል። በ2013 ዓ.ም. በአሜሪካ በታተመ ሰፊ ጥናት፥ ጠጠር ቧንቧውን ዘግቶባቸው ደማቸው ከተመረዘ ሕመምተኞች ውስጥ መግሉ ካልወጣላቸው መካከል ከ100 19 ያህል ሞተዋል፤ ከወጣላቸው 9 ያህል። የጎን ሕመም ያለው ሰው ትኩሳት ወይም እንቅጥቅጥ ሲጨመርበት እስኪነጋ መጠበቅ የማያስፈልገው ለዚህ ነው። አንድ ኩላሊት ብቻ ያለው፥ ነፍሰ ጡር የሆነች፥ የስኳር በሽታ ያለበት ወይም ሽንቱ ጨርሶ የቆመ ሰው ይልቁንም መቸኰል አለበት።

በመካከላችን ስለሚነገረው ምክርም ጥቂት ማለት ይገባኛል። ብርድ ጠጠር አይሠራም። ስለ ቢራ፥ ቢራ በሚጠጡ ሰዎች ላይ ጠጠር አነስ ብሎ መታየቱ በአንዳንድ ጥናት ተጽፏል፤ ሆኖም ይህ ጠጠር ሳይፈጠር ስላለው ጊዜ ነው እንጂ የተሰነቀረውን ቢራ ገፍቶ አያወጣውም። ቧንቧው ተዘግቶ ሳለ ፈሳሽ በላይ በላይ መጨመር ውጥረቱንና ሕመሙን ያብሳል። የተረፈ ክኒን መካፈል ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ትኩሳቱን ለሁለት ቀን ሸፍኖ ጊዜ ያሳልፋል፥ በኋላም ሽንቱ በላቦራቶሪ ሲዘራ ባክቴርያው ስለማይበቅል ሐኪሙ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ አያውቅም። ወተትና ሌላ ካልሲየም ያለበት ምግብ መተውም የቆየ ስሕተት ነው። በጣልያን አገር ተደርጎ በ2002 ዓ.ም. በታተመ የ5 ዓመት ሙከራ፥ ካልሲየም ከቀነሱት 60 ሰዎች 23ቱ ላይ ጠጠር ተመልሷል፤ ካልሲየም እንደ ወትሮው እየበሉ ጨውና ሥጋ ከቀነሱት 60 ግን 12ቱ ላይ ብቻ። ምክንያቱም ካልሲየሙ ኦክሳሌቱን በአንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ኦክሳሌት የሚበዛበት ቆስጣ ነው፤ የሐበሻ ጎመን በዚህ አይታማም።

ውሃን በሚመለከት ግን ሕዝቡ ትክክል ነው። እዚያው ጣልያን አገር ተደርጎ በ1996 ዓ.ም. የታተመ ጥናት አንድ ጊዜ ጠጠር የያዛቸውን 199 ሰዎች በሁለት ከፍሎ 5 ዓመት ተከታትሏል፤ ብዙ ውሃ ከጠጡት ከ100 12፥ እንደ ልማዳቸው ከኖሩት 27 እንደገና ታመዋል። መለኪያው የጠጡት ሳይሆን የሸኑት ነው፤ በቀን 2 ሊትር ተኩል ያህል ሽንት ይፈለጋል። በቆላ የሚኖርና ሲያልበው የሚውል ሰው ለዚህ ይበልጥ መጠጣት አለበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰውም ድርሻውን ከሰዓት በኋላና ማታ ማካካስ ይችላል። አስቸጋሪው ሌላ ነው። ረጅም መንገድ የሚነዳ ሾፌርና ንጹሕ መጸዳጃ የሌለበት ትምህርት ቤት የምትውል ልጅ ውሃ የማይጠጡት ባለማወቅ አይደለም፤ የሚሸኑበት ስለሌላቸው ነው። ሽንት መቋጠር ደግሞ ለኢንፌክሽኑም ይመቻል። በዚህ ነገር ሐኪሙ ሊያዝዘው የሚችለው መድኃኒት ያለ አይመስለኝም፤ ጉዳዩ የግንበኛና የአስተዳዳሪ ነው።

ስለ ማውጫው መንገድ ባጭሩ፤ በ1980 ዓ.ም. በሙኒክ ከተማ ከአካል ውጭ በሚላክ የድንጋጤ ሞገድ ጠጠር መሰባበር ተጀመረ። ሐሳቡ የመጣው ከዶርኒየር የአውሮፕላን ፋብሪካ ምርምር ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1976 ዓ.ም. በስዊድን አገር ከጀርባ በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ጠጠር ማውጣት ተችሎ ነበር፤ ለቀንዳም ጠጠር ዛሬም የሚመረጠው ይህ ነው። በላይኛው ቧንቧ ውስጥ ያለውንም በቀጭን መነጽር ገብተው በላዘር ይሰባብሩታል።

ጠጠሩ በራሱ ጊዜ የሚወጣ ሲሆን በሽተኛው በነጠላ ጨርቅ ላይ ቢሸና ይይዘዋል። የተያዘው ጠጠር በወረቀት ተጠቅልሎ ለላቦራቶሪ መሰጠት አለበት። ካልሲየም ኦክሳሌት ከሆነ ምክሩ ውሃና ምግብ ነው፤ ዩሪክ አሲድ ከሆነ የሽንቱን አሲድነት የሚቀንስ መድኃኒት ያሟሟዋል። ስትሩቫይት ሆኖ ከተገኘ ግን ሕመምተኛው ተሻለኝ ቢልም ሽንቱ ደግሞ ይዘራል፥ ኩላሊቱም በራጅ ወይም በአልትራሳውንድ እንደገና ይታያል፤ አንድ ስባሪ እንኳ ውስጥ ከቀረ ባክቴርያው በእርሱ ላይ ሥራውን ይቀጥላልና።