አራቱ የዋና ዓይነቶች

ክረምት ሲገባ ወንዝ ይሞላል። የሞላ ወንዝ ደግሞ ሰው ይወስዳል። የዛሬው ጽሑፋችን የሚጀምረው ወንዝ አባቱን ከወሰደበት ልጅ ነው።

ልጁ አልፍሬድ ሃዮሽ ይባላል። አገሩ ሀንጋሪ ነው። 13 ዓመት ሲሆነው አባቱ ዳኑብ በሚባለው ትልቅ ወንዝ ሰጥሞ ሞተ። ከዚያ ወዲያ ልጁ ዋና አጥብቆ ለመማር ቆረጠ። ተማረም።

በ1888 ዓ.ም. በግሪክ አገር የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ ተደረገ። ኦሎምፒክ ብዙ አገሮች የሚገናኙበት የስፖርት ውድድር ነው። የዋናው ቀን የደረሰው አባቶቻችን ዓድዋ ላይ ድል ካደረጉ 40 ቀን ግድም በኋላ ነበር። ተወዳዳሪዎቹን በጀልባ ወደ ባሕር ወሰዷቸው፤ እየዋኙ ወደ ዳር ተመለሱ። ውሃው በጣም ስለሚቀዘቅዝ ሃዮሽ ገላውን ወፍራም ቅባት ተቀባ። በ18 ዓመቱ ሁለት ውድድር አሸነፈ።

ዛሬ አብዛኛው ውድድር የሚደረገው በገንዳ ውስጥ ነው። የኦሎምፒክ ገንዳ ርዝመቱ 50 ሜትር ነው። የዋናው ዓይነት አራት ነው።

አንደኛው ነጻ ዋና ነው። ሰውየው በሆዱ ይተኛል። አንዱን እጅ ካንዱ አስከትሎ ወደ ፊት ይወረውራል፤ ውሃውን ወደ ኋላ ይስባል። ለመተንፈስ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል። ከሁሉም ፈጣኑ ይህ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፓን ዣንሌ የተባለ ቻይናዊ በፓሪስ ኦሎምፒክ 100 ሜትሩን ከ47 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ጨረሰ።

ሁለተኛው የጀርባ ዋና ነው። ሰውየው ይንጋለላል። ፊቱ ወደ ሰማይ ነው።

ሦስተኛው የደረት ዋና ነው። እንቁራሪት ስትዋኝ አይታችኋል? እንደዚያ ነው። ሁለቱ እጆች አብረው ይከፈታሉ፤ ሁለቱ እግሮች አብረው ይራገጣሉ። ከአራቱ ዝግ የሚለው ይህ ነው።

አራተኛው የቢራቢሮ ዋና ነው። ይህ የተወለደው ከደረት ዋና ነው። የድሮው ሕግ «ሁለቱ እጆች አብረው ይሂዱ» ይላል እንጂ ከውሃ በላይ አይውጡ አይልም ነበር። ብልሆቹ እጆቻቸውን እንደ ክንፍ በውሃው ላይ ወረወሩና ቀደሙ። ነገሩ አከራከረ። በኋላ ራሱን የቻለ ዋና ሆነና በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለብቻው ውድድር ተደረገበት። አገራችንም ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባችው ያን ጊዜ ነው።

ታዲያ ለእኛ የሚጠቅመን የቱ ነው? መጀመሪያ መማር ያለብን በጀርባ መንሳፈፍን ነው። ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ቢወራጭ ቶሎ ይደክማል። ተንጋሎ እጁን ቢዘረጋ ግን አፍና አፍንጫው ከውሃ በላይ ስለሚሆን ይተነፍሳል። ይህን ከሚያውቅ ሰው ጋር፣ ከወገብ በማያልፍ ጸጥ ባለ ንጹሕ ውሃ መለማመድ ነው።

የሞላ ወንዝ ግን ዋና የሚችለውንም ይወስዳል። እስኪጎድል ጠብቁ። ሰው ሲወሰድ ብታዩ ዘላችሁ አትግቡ። ረጅም በትር ዘርጉለት፤ ወይም ገመድ ወርውሩለት።

እየዋኘ የተወለደ ሰው የለም። እያነበበ የተወለደም የለም። ሁለቱም በትምህርት ይገኛሉ።

ጥያቄ
1. ሃዮሽ ዋና ለመማር የቆረጠው ለምንድን ነው?
2. የእንቁራሪትን የሚመስለው ዋና የትኛው ነው?
3. በእናንተ አካባቢ ወንዝ ሲሞላ ሰው እንዳይወሰድ ምን ቢደረግ ይሻላል? ተወያዩበት።