ትንኝን ከግቢ ማራቅ፦ ከጭሱ በፊት የውኃ ማጠራቀሚያው

በኢትዮጵያ የወባ መከላከል ሥራ በአመዛኙ የተመሠረተው በኬሚካል በተነከረ አጎበርና በቤት ውስጥ በሚካሄድ የኬሚካል ርጭት ላይ ነው። ሁለቱም የሚጠብቁት በጣሪያ ሥር ያለውን ሰው ነው። እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃታማ ከተሞች ግን ብዙ ነዋሪ ከሙቀቱ ለመሸሽ ምሽቱን የሚያሳልፈው በግቢና በበረንዳ ነው። በእነዚህ ሰዓታት አጎበሩ አልጋ ላይ፣ ሰውየው ደጅ ነው። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት ከየት መጀመር እንደሚገባ ያብራራል።

ችግሩን ያከበደው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለው የወባ ትንኝ መስፋፋት ነው። መነሻው ደቡብ እስያና የዓረብ ልሳነ ምድር የሆነው ይህ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2012 በጂቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በቀብሪ ደሃር ተገኝቷል። በ2022 በድሬዳዋ ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ጋር ግንኙነት እንዳለውም ጥናት አሳይቷል። በአገሪቱ ዋነኛ የወባ አስተላላፊ የሆነው አኖፌለስ አረቢየንሲስ በብዛት የሚራባው ዝናብ ባቆራቸው ጊዜያዊ ኩሬዎች ነው። ስቴፈንሲ ግን ሰው ባጠራቀመው ውኃ፣ ማለትም በበርሜል፣ በሲሚንቶ ገንዳና ለግንባታ በተያዘ ውኃ ስለሚራባ ክረምትን አይጠብቅም። በቀን የሚናደፈው ኤዴስ ኢጂፕቲም በተመሳሳይ ዕቃዎች ይፈለፈላል፤ ይህ ትንኝ የሚያስተላልፋቸው ዴንጊ በ2013፣ ቺኩንጉንያ በ2019 በድሬዳዋ በወረርሽኝ መልክ ተከስተዋል።

ሴቷ ትንኝ ሰውን የምታገኘው በትንፋሽ በሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በገላ ጠረንና በሙቀት እየተመራች ነው። የወይራና የጥንጁት ጭስ ይህን ጠረን በማወክ ትንኟን ለጊዜው ያርቃል፤ ሆኖም ጭሱ ሲበተን ውጤቱም ያበቃል፤ አዘውትሮ መተንፈሱም ለሳንባ ጎጂ ነው። የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ጠረኑን ይበትናል፣ በበረራ ደካማ የሆነችውን ትንኝም ይገፋል። ማባረሪያ ቅባትና እጅና እግርን የሚሸፍን ልብስም ይረዳሉ። እነዚህ ሁሉ ግን አንድን ሰው ለጥቂት ሰዓታት ይጠብቃሉ እንጂ የትንኙን ቁጥር አይቀንሱም።

ቁጥሩ የሚቀነሰው በውኃው ውስጥ ነው። በሞቃት አየር ዕንቁላሉ ወደ በራሪ ትንኝ ለመለወጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ በየሳምንቱ የሚደፋና የሚታጠብ በርሜል ትንኝ ለማፍራት ጊዜ አያገኝም። መድፋት ብቻ ግን አይበቃም፤ የኤዴስ ዕንቁላል ከዕቃው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ድርቀትን ለወራት ስለሚቋቋም ግድግዳው በብሩሽ መፈተግ አለበት። ክዳኑም ቀዳዳ የሌለው ወይም በጥቅጥቅ መረብ የታሰረ መሆን ይገባዋል። ሊደፋ የማይችል ትልቅ ገንዳ በጤና ባለሙያ መመሪያ የእጭ ማጥፊያ ይደረግበታል።

ይሁንና ነዋሪው ውኃ የሚያጠራቅመው የቧንቧ ውኃ ስለሚቆራረጥ ነው፤ «ውኃውን ድፉት» የሚለው ምክር ብቻውን ሰሚ የሚያጣውም ለዚህ ነው። አንድ ቤተሰብ በርሜሉን ቢከድን እንኳ የጎረቤቱ የግንባታ ጉድጓድ ክፍት ከሆነ ምሽቱ አይለወጥም። በመሆኑም የማይቋረጥ የውኃ አቅርቦትና የግንባታ ቦታዎች ቁጥጥር ከአጎበርና ከርጭት እኩል የወባ መከላከል ሥራ ተደርገው ሊታዩ ይገባል።