በረኪና፦ ለሁሉም ነገር እንጠቀመዋለን፣ ከምንም ጋር ግን አንቀላቅለው

ባለፈው ስለ ተቅማጥ ከጻፍኩ በኋላ "ዶክተር፣ በረኪና ስንት ነው የሚጨመረው?" የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር በብዛት ደረሰኝ። እውነቱን ለመናገር "የዕቃውን ጀርባ አንብቡ" ብዬ ላልፈው ነበር። አንድ የማታ ተረኛ የሆንኩበት ቀን ነው ሐሳቤን ያስቀየረኝ።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ አንዲት ወጣት ሁለት ሰዎች ደግፈዋት ድንገተኛ ክፍል ገባች። ሳል በሳል ሆናለች፣ ዓይኗ ቀልቷል፣ አንድ ነገር ተናግራ ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ትንፋሿን ትሰበስባለች። አስም አለብሽ? የለብኝም። ጉንፋንስ? የለም። "ምን ስትሠሪ ጀመረሽ እህቴ?" ስላት፣ "ሽንት ቤት እያጠብኩ" አለችኝ። በሩ ዝግ ነበር። መጀመሪያ የሽንት ቤት ማጽጃውን አፈሰሰች፤ ቆሻሻው አልለቅ ሲላት በላዩ ላይ በረኪና ጨመረችበት። አብራት የመጣችው አሠሪዋ አልጋው አጠገብ ቆማ እያለቀሰች ነበር፦ "እንግዳ ስላለብን በደንብ እንዲለቅ ሁለቱንም አድርጊበት ያልኳት እኔው ነኝ ዶክተር።"

ኦክስጅን ሰጠናት፣ የአየር ቧንቧን የሚከፍት መድኃኒት በመተንፈሻ ማስክ ሰጠናት፣ እስኪነጋ ድረስም ተከታተልናት። ደህና ሆና ወጣች። አሠሪዋ ክፉ ሰው አይደለችም። እኔም ያደግኩት "ሁለት ከሆነ የበለጠ ያጸዳል" ሲባል እየሰማሁ ነው። እና ዛሬ በረኪናን ከሥሩ እንነጋገርበት።

በረኪና ምንድን ነው?

ውሃ ውስጥ የሟሟ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባል ኬሚካል ነው። ለቤት ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ ነው። 5 በመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል እንጂ ለአብዛኛው የቤት ሥራ ከሚያስፈልገው 50 እጥፍ የጠነከረ ነው። ስለዚህ በረኪናን እንደ ኮንሰንትሬት ጁስ አስቡት። በውሃ ሳይበጠበጥ አይነካም።

ሁለተኛው ነገር፣ በረኪና ሳሙና አይደለም። ጀርም ይገድላል፣ ቀለም ያነጣል፤ ቅባትና ጭቃ ግን አያነሳም። እንዲያውም ቆሻሻ ላይ ሲፈስ ኃይሉን ቆሻሻው ላይ ይጨርስና ለጀርሙ የሚተርፍ ነገር አይኖረውም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሁሌም አንድ ነው፦ መጀመሪያ በሳሙና ወይም በኦሞ ታጥቦ በውሃ ይለቀለቃል፣ ከዚያ የተበጠበጠው በረኪና ይደረግበታል፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ይቆያል። ብዙ ቤት ወዲያው ይጠረግና "በረኪና አድርጌበታለሁ" ይባላል። የሸተተው በረኪና ነው፣ ጀርሙ ግን አልሞተም። ላዩ ለ10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት።

መጠኑስ?

ለሽንት ቤት መቀመጫ፣ ለበር እጀታ፣ ለመታጠቢያ ክፍል ወለል፣ ጥሬ ሥጋ ለተቆረጠበት መክተፊያ አንድ እጅ በረኪና ለ49 እጅ ውሃ ይበቃል። በቤት ቋንቋ፣ በአንድ ሊትር ውሃ 4 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። አምስት ሊትር ባልዲ ከሆነ 100 ሚሊ ሊትር። መክተፊያው ግን ከ10 ደቂቃ በኋላ በንጹሕ ውሃ በደንብ ይለቅለቅ።

ደም፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ የነካው ቦታ ግን ጠንከር ያለ ይፈልጋል፦ አንድ እጅ ለ9 እጅ። አንድ ሲኒ በረኪና፣ ዘጠኝ ሲኒ ውሃ። (ያ ሲኒ ወደ ረከቦቱ እንዳይመለስ አደራ!) በተለይ ቤት ውስጥ ኃይለኛ ተቅማጥ የያዘው ሰው ካለ፣ እሱ የሚጠቀምበትን ባልዲና ሽንት ቤት የምታጸዱት በዚህኛው ነው።

ስትበጠብጡ ውሃውን አስቀድሙ፣ በረኪናውን በላዩ ጨምሩ፤ እንዲህ ሲሆን ወደ ዓይን አይረጭም። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሙቅ ውሃ በረኪናውን ያበላሸዋል። የበጠበጣችሁትን በዚያው ቀን ተጠቀሙበት፣ ለነገ አታሳድሩት። ዋናው ዕቃም ቢሆን ፀሐይና ሙቀት አይወድም። ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ወራት የቆየ በረኪና ሽታው ይኖራል እንጂ ኃይሉ ወርዷል። የምርት ቀኑን እያያችሁ ግዙ።

እንግዲህ እዚህ ላይ የግል አስተያየቴን ልናገር፤ የታመመ ሰው በሌለበት ቤት የሳሎን ወለል በየቀኑ በረኪና አያስፈልገውም። ሳሙናና ውሃ በቂ ነው። በተለይ አስም ያለበት ሰው ወይም ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥ የየዕለቱ የበረኪና ሽታ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ውሃ ለሚያጠራቅም ቤት

ውሃ በፈረቃ የሚመጣባቸው ሰፈሮች ያላችሁ ይህቺን ያዙልኝ። ውስጡ አረንጓዴ የሆነ ጀሪካን መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ ይለቀለቃል። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ በረኪና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ወደ ውስጥ ጨምሩ፣ ክዳኑን ዝጉና ሁሉም ጎን እንዲነካ ደህና አድርጋችሁ ናጡት። ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ አቆይታችሁ ድፉት፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት።

የመጠጥ ውሃ ለማከም ምርጫዬ ማፍላት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ነው የሚፈላው፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ጠብቁት። ካልሆነ እንደ ውሃ አጋር ያሉ ለዚሁ ተብለው የተዘጋጁ አሉ፣ መጠኑ ዕቃው ላይ ተጽፏል። ሁለቱም ከጠፋ፣ ሽታም ሆነ ሌላ ማጽጃ ያልተጨመረበት ባለ 5 በመቶ በረኪና 2 ጠብታ ለአንድ ሊትር ጥሩ ውሃ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ መጠበቅ። ውሃው ከደፈረሰ በንጹሕ ጨርቅ አጥልላችሁ 4 ጠብታ። ጠብታ ነው ያልኩት፣ ማንኪያ አይደለም! "ባለ ሎሚ ሽታ" የሚለው ደግሞ ለመጠጥ ውሃ ጭራሽ አይሆንም።

ሰላጣ በበረኪና የምታጥቡም አላችሁ። አልመክርም። የወስፋት እንቁላል በበረኪና አይሞትም፤ የሚወገደው ቅጠሉ አንድ በአንድ ተለያይቶ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ በእጅ ሲታሽ ነው። ውሃው አስተማማኝ ካልሆነ ሰላጣውን ትታችሁ ጎመኑን ቀቅሉ።

ነጭ የጥጥ ልብስ ይችለዋል፤ ሱፍና ሐር አይችሉም፤ የሀገር ልብስ ጥለትም ይወይባል። ቁስል ላይ፣ ፎሮፎር ላይ፣ ብልት አካባቢ በረኪና አይደረግም። በኮሮና ሰሞን ሰው ላይ ክሎሪን ይረጭ የነበረውን ታስታውሳላችሁ? የዓለም ጤና ድርጅት ያኔውኑ በ2020 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አይደረግ ብሏል።

ለምን ከምንም ጋር?

የሽንት ቤት ቢጫ የሚያስለቅቁ ማጽጃዎች አብዛኞቹ አሲድ አላቸው። አሲድና በረኪና ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ላይ የተለቀቀው ጋዝ እሱ ነው። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፣ ስለዚህ ወደ ታች ይተኛል። ሽንት ቤት የሚያጥብ ሰው ደግሞ የት ነው ያለው? ቁጢጥ ብሎ፣ ፊቱን ወደ መቀመጫው አዘንብሎ። አቼቶና ሎሚም አሲድ ናቸው፤ ኢንተርኔት ላይ "በረኪና በአቼቶ ምትሃት ነው" የሚሉ ቪዲዮዎች አይቻለሁ፣ እባካችሁ አትሞክሩት።

አሞኒያም እንደዚሁ ነው። አንዳንድ የመስታወት ማጽጃዎች አሞኒያ አላቸው፤ ሽንት ውስጥም አለ። ሽንት የቆየበት የልጅ ፖፖ ላይ ወይም ውሃ ያልተለቀቀበት ሽንት ቤት ላይ በረኪና ስታፈሱ ዓይንና ጉሮሮ የሚለበልብ ሌላ ጋዝ ይወጣል። አስቀድማችሁ በውሃ አጥባችሁ አውርዱት። አልኮልና ሳኒታይዘርም ከበረኪና ጋር አይቀላቀሉም።

በስህተት ከተቀላቀለ "ላጥፋው" ብላችሁ አትታገሉ። ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ በሩን ክፍት ተዉት፣ ንጹሕ አየር ወዳለበት ሂዱ። ሳሉ ካልቆመ፣ ደረት ከጨነቀ ወይም ሲተነፍሱ ሲር ሲር ካለ ወደ ጤና ተቋም። ብዙ የተነፈሰ ሰው መጀመሪያ ደህና መስሎ ከሰዓታት በኋላ ሳንባው ውሃ ሊቋጥር ስለሚችል "ተሻለኝ" ቢልም መታየት አለበት።

የሃይላንዱ ነገር

በረኪና በሊትር ተቀድቶ በሃይላንድ ፕላስቲክ ሲሸጥ ታያላችሁ። ወይም ከትልቁ ጀሪካን ለአያያዝ እንዲመች እኛው ራሳችን እንገለብጠዋለን። የሁለት ዓመት ልጅ ሃይላንድ ሲያይ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ውሃ። ሲጠማው አንስቶ ይጠጣል። በተረኝነት ካየኋቸው በረኪና የጠጡ ሕፃናት ውስጥ ከዋናው ዕቃው የጠጣ አላስታውስም። ሁሉም ከውሃ ወይም ከለስላሳ ጠርሙስ ነው። የተቀዳው በረኪና ደግሞ ስንት በመቶ እንደሆነ ማንም ስለማያውቅ ከላይ የነገርኳችሁ ልክ ሁሉ አይሠራለትም።

ልጅ ከጠጣ እንዲያስመልሰው አታድርጉ። ጣት ጉሮሮው ውስጥ አትክተቱ። ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ደግሞ ያቃጥለዋል፣ ወደ ሳንባም ሊገባ ይችላል። "አሲድ ያበርደዋል" ብላችሁ ሎሚ አትስጡ። አፉን በውሃ አጥቡ፤ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ጥቂት ውሃ ወይም ወተት ፉት ይበል፣ አንድ ጡጦ ሙሉ ማስገደድ ግን አያስፈልግም። ከዚያ ዕቃውን ይዛችሁ ኑ፤ ምን እንደጠጣ ማወቅ ሕክምናው ላይ ለውጥ ያመጣል። ጥቂት የቀመሰ ልጅ ብዙ ጊዜ ከጉሮሮ ማቃጠል አያልፍም፤ ምራቁን መዋጥ ያቃተው፣ ደም ያስመለሰ ወይም ትንፋሹ የከበደው ግን አንድ ደቂቃ አይጠብቅም። ዓይን ውስጥ ከገባ በሚፈስ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም። ሰዓት እያያችሁ፤ በጭንቀት ጊዜ 2 ደቂቃ 20 ይመስላል።

ሆን ብሎ የጠጣ ትልቅ ሰው ካለ ደግሞ ቁጣውንና ጥያቄውን ተዉትና ይዛችሁት ኑ። ሐኪሙ ብቻውን ያነጋግረው፤ ጉሮሮው ብቻ አይደለም መታከም ያለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ጽሑፍ በስልኩ የሚያነበውና ባልዲው ውስጥ እጁን የሚከተው ሰው በብዙ ቤት አንድ አይደሉም። ቤታችሁ የምታግዛችሁ ልጅ ካለች ሊንኩን አትላኩላት፤ አብራችሁ ሽንት ቤት ግቡና አሳዩአት። የዕቃውን ጽሑፍ ላታነብ ትችላለች፣ አማርኛም ሁለተኛ ቋንቋዋ ሊሆን ይችላል። ማንኪያውን፣ መስኮቱን፣ ጓንቱን እያሳያችሁ። ሁለቱን ማጽጃዎች አንድ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡ፤ አሲዱን ሌላ ቦታ ካደረጋችሁት ግማሹ ሥራ አለቀ።

ያቺ ወጣት ጠዋት ልትወጣ ስትል "ታዲያ ዶክተር፣ ያ ቢጫው በምን ይለቃል?" ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነው፤ ማታ የነገርናት ሁሉ "አታድርጊ" ብቻ ነበር። ቢጫው በአብዛኛው ከውሃው የሚመጣ የማዕድን ክምችት ነው፤ በረኪና ቢያነጣው እንጂ አያስለቅቀውም። የሚያስለቅቀው አሲድ ያለው ማጽጃ ብቻውን ነው፦ መስኮትና በር ተከፍቶ፣ ጓንት ተደርጎ፣ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ያህል ቆይቶ፣ በብሩሽ ተፈትጎ፣ ብዙ ውሃ ተለቅቆበት። በረኪና የግድ ካስፈለገ በሌላ ቀን። አሠሪዋ ስልኳን አውጥታ ጻፈችው፣ ልጅቷ ግን አንዴ በቃሏ ደግማ ነገረችኝ፣ አንድም አልሳተችም።