አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ የሚወጣው ሁለተኛ ብር

ዴስክቶፕ ሲያረጅ በየመሥሪያ ቤቱ የሚነሳው ክርክር ከዕድሜው ይጀምራል። ሒሳብ ሹሟ «አሥር ዓመት ሞላው እኮ» ትላለች፤ ሥራ አስኪያጁ «ይሠራ የለም እንዴ?» ብሎ ይመልሳል። ዕድሜ ግን ለውሳኔው ብዙም አይረዳም። የሚረዳው ሁለት ዋጋዎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው፦ ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ሲጠብቅ የሚባክነው ጊዜ ስንት ያወጣል? ጥበቃውን ለማሳጠርስ ስንት ይወጣል? የሁለቱ ንጽጽር በአዲስ አበባና በቺካጎ አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ ውጭ አገር ለሚኖር ሰው የተጻፈ ምክር እዚህ ሲደርስ ሒሳቡ ይዛነፋል።

በቀን 20 ደቂቃ ኮምፒውተር ሲጠብቅ የሚያልፍበትን ሠራተኛ እንውሰድ። በሰዓት 25 ዶላር የሚከፈለው አሜሪካዊ ከሆነ ብክነቱ በቀን ከ8 ዶላር ይበልጣል፤ 50 ዶላር የሚያወጣ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ቢገጠምለት ወጪው በሳምንት ገደማ ይመለሳል። እዚህ ደግሞ ወር ደመወዙ 12,000 ብር የሆነና 26 ቀን የሚሠራ ሰው እናስብ። በወር የሚባክንበት ጊዜ ቢደመር ከአንድ የሥራ ቀን ትንሽ ከፍ ይላል፤ በብር 500 ያህል ነው። አንድ ዶላር 150 ብር ነው ብለን ብናሰላ፣ ያው 50 ዶላር 7,500 ብር ይሆናል። ወጪው የሚመለሰው በ15 ወር ነው ማለት ነው። «ይሠራ የለም እንዴ?» የሚለው ሥራ አስኪያጅ ቆንቋና ሊመስል ይችላል፤ የሰው ጉልበት ርካሽ፣ ዕቃው በዶላር በሚገዛበት አገር ግን ጥያቄው ከኢኮኖሚ አንጻር ያስኬዳል።

ነገር ግን ደመወዝ የወጪው ግማሽ ብቻ ነው። ፍርድ ቤት አጠገብ ያለች የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ጠዋት 2፡30 ላይ ገብታችሁ እዩ። ባለጉዳዩ ፍላሽ አቀብሏል፤ ከኋላው ሌሎች ቆመዋል። ጸሐፊዋ ፋይሉን ሁለቴ ነክታ ትጠብቃለች፤ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ «ምላሽ እየሰጠ አይደለም» የሚለው መልእክት ብቅ ይላል። ችሎት የደረሰበት ሰው ፍላሹን አስነቅሎ ጎረቤት ሱቅ ይገባል። እዚህ የጠፋው የጸሐፊዋ ደቂቃ ሳይሆን የደንበኛው ገንዘብ ነው፤ ነገም ላይመለስ ይችላል። በአንጻሩ ኮምፒውተሩ ጠዋት ሲነሳ ብቻ የሚዘገይበት፣ ሠራተኛው እስኪከፈትለት ቡናውን የሚጠጣበት ቢሮ የሚያጣው ነገር እምብዛም ነው። ስለዚህ ምን ያህል እንደሚዘገይ ከመለካት በፊት በየትኛው ሰዓት እንደሚዘገይ መጠየቅ ይቀድማል።

ቀጥሎ ጥበቃው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጠረጥረው ፕሮሰሰሩን ነው። ለፒችትሪ የሒሳብ ፕሮግራም፣ ለኤክሴልና ለደብዳቤ ግን የዛሬ አሥር ዓመት የተሠራ ኮር አይ ፋይቭ ዛሬም አቅም አያንሰውም። «ታስክ ማናጀር»ን ከፍቶ ማየት ይበቃል፤ ዲስክ በሚለው ሥር 100 በመቶ ቀልቶ ካልወረደ፣ ችግሩ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። እሱ የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ሲያነብ በሰከንድ መቶ ያህል ጥያቄ ብቻ ነው የሚያስተናግደው፤ ተራ ኤስኤስዲ በአሥር ሺዎች ያስተናግዳል። ራሙ 4 ጊጋባይት ከሆነ ደግሞ የተረፈውን ሥራ ወደዚያው ዲስክ ስለሚገፋው መጨናነቁ ይብሳል። ቴክኒሻኖቻችን የሚወዱት «ፎርማት ላድርግልህ» የተባለው መድኃኒት ለጥቂት ሳምንታት የሚያቀልለው ለዚህ ነው፤ ዲስኩን ያራግፈዋል እንጂ አይቀይረውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብር የሚወጣው ኤስኤስዲ ላይ ነው፤ ራሙም አነስተኛ ከሆነ 8 ጊጋባይት ማድረስ። ይህን ወጪ የምደግፈው ለፍጥነት ብቻ ብዬ አይደለም። መብራት በየጊዜው ድንገት በሚጠፋበት አገር ለዓመታት የተሽከረከረ ዲስክ አንድ ቀን መቆሙ አይቀርም፤ ብዙ አነስተኛ ድርጅቶች ደግሞ የዓመታት ሒሳባቸውን በዚያው ዲስክ ላይ ብቻ፣ ያለ ቅጂ አስቀምጠዋል። ፋይሉ ከማሽኑ በብዙ እጥፍ ይወደዳል። ለአዲሱ ዲስክ ሲባል መረጃው መገልበጡ ብቻውን ወጪውን ይክሳል።

ሁለተኛው ብር ላይ ነገሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አራተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ ያለበትን ዴስክቶፕ እንያዝ፤ በየቢሮው ሞልቷል። ፕሮሰሰሩ ይቀየር ቢባል ማዘርቦርዱ አዲስ ትውልድ አይቀበልም። ማዘርቦርዱ ይቀየር ቢባል ዲዲአር 3 የሆነው ራም አዲሱ ላይ አይገባም። ብዙዎቹ የቢሮ ማሽኖች ደግሞ የፓወር ሰፕላያቸው መሰኪያ የራሳቸው ስለሆነ እሱም አብሮ ይቀየራል። መጨረሻ ላይ ከአሮጌው የሚተርፈው ቆርቆሮው ብቻ ነው። አንድ ዕቃ ልቀይር ብሎ የገባ ሰው ኮምፒውተር ገዝቶ ይወጣል፤ ያውም ዋስትና የሌለው።

ከዚህ ላይ የዊንዶውስ 10 ጉዳይ ይጨመራል። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ መስጠቱን አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው በኢንቴል በኩል ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው፤ ያ አራተኛ ትውልድ ማሽን ኤስኤስዲ ቢገባለትም አይካተትም። ድርጅቶች ማሻሻያውን ለሦስት ዓመት በክፍያ ማስቀጠል ይችላሉ፤ ዋጋው ለአንድ ማሽን በመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ሲሆን በየዓመቱ በእጥፍ ይጨምራል። ሦስቱ ዓመት ሲደመር 427 ዶላር ነው፤ ለአሮጌ ማሽን ይህን የሚከፍል ሰው አይታየኝም። በእርግጥ እኛ ዘንድ ዊንዶውስን ገዝቶ የሚጠቀመው ስንቱ ነው የሚል ይኖራል። ለእሱም ቢሆን ከበይነ መረብ ባንክ ጋር የሚሠራ ማሽን እና ደብዳቤ ብቻ የሚተይብ ማሽን አደጋቸው እኩል አይደለም። የመጀመሪያው በቶሎ መቀየር አለበት፤ ሁለተኛው ከኢንተርኔት ተነቅሎ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል፤ ወይም በነጻ የሚገኘው ሊነክስ ሊጫንበት ይችላል።

የሚቀየረው ማሽን ገንዘብ ከየት ይምጣ? ሒሳብ ክፍሉ «የእርጅና ቅናሽ ይዘናል» ይላል። በ2009 በወጣው የገቢ ግብር ደንብ መሠረት ኮምፒውተር በቀጥታ ዘዴ በዓመት 20 በመቶ ይቀነስለታል፤ በአምስት ዓመት መዝገብ ላይ ዋጋው ያልቃል። ችግሩ ቅናሹ የሚሰላው በተገዛበት ዋጋ መሆኑ ነው። የውጭ ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ያኔ 500 ዶላር የሆነ ኮምፒውተር 28,500 ብር ነው፤ በ150 ብር ብናሰላው 75,000 ብር ይሆናል። አምስት ዓመት ሙሉ በታማኝነት የተቀነሰው ተጠራቅሞ አዲሱን ከግማሽ በታች ነው የሚገዛው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትርፍ መስሎ ለባለቤቶቹ የተከፋፈለው ገንዘብ በከፊል የኮምፒውተሩ መተኪያ ነበር። ለመተኪያ የሚያዘውን መጠባበቂያ በየዓመቱ በዛሬው የገበያ ዋጋ ማስተካከል ግብሩን አይለውጠውም፤ ማሽኑ የቆመ ቀን ግን ድርጅቱን ከብድር ያድነዋል።

ጊዜውም ለገዢ የሚመች አይደለም። በዓለም ላይ አብዛኛውን የኮምፒውተር ራም የሚሠሩት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው፤ ሦስቱም ምርታቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት በሚፈለገው ውድ ሜሞሪ ላይ እያዋሉት ነው። ማይክሮን በኅዳር 2018 ክሩሻል በሚል ስም ለተራ ሸማች ከሚሸጥበት ንግድ እንደሚወጣ አስታውቋል። የራም ዋጋም በዓለም ገበያ ሽቅብ ወጥቷል። ይህ ያለውን አሮጌ ማሽን በኤስኤስዲ አንድና ሁለት ዓመት ማቆየትን ይበልጥ ያዋጣዋል፤ የግድ መቀየር ያለበትን ግን ማዘግየት ዋስትና የለውም።

የሚገዛ ሰው ሁሉ አዲስ መግዛት የለበትም። «ስላይትሊ ዩዝድ» እየተባለ የሚሸጠው የቢሮ ዴስክቶፕ ለብዙ ሥራ ይበቃል። ሻጩ «ኮር አይ ፋይቭ ነው» ሲል ግን ያ ምንም አይነግርም፤ ከመስመሩ በኋላ ያለው ቁጥር ይነበብ። 4590 አራተኛ ትውልድ ነው፤ 8500 ስምንተኛ። ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው ማሽኖች ከውጭ መሥሪያ ቤቶች በገፍ ሲወጡ ማረፊያቸው እንደኛ ያለ ገበያ ስለሆነ፣ በመጪዎቹ ወራት ርካሽ የሚመስሉ ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ዴስክቶፖች ሊበዙ ይችላሉ። በ8500 እና በ7500 መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ትንሽ ከሆነ ከፍ ያለውን መግዛት፤ ልዩነቱ ትልቅ ከሆነና ማሽኑ ከኢንተርኔት የማይገናኝ ከሆነ ግን ዝቅ ያለውን ወስዶ ቀሪውን ብር ለዩፒኤስ ማዋል።